ኡልካን የደበቀችው አቻ

ምራቷ ቾልፖን ሳይታሰብ ከዋና ከተማው ከቢሽኬክ የመጣች ዕለት፣ ኡልካን ሻንጣውን ተቀብላ ወደ ጓዳ ስታስገባ አንድ ነገር ዓይኗ ገባ። ዚፑ በደንብ አልተዘጋም ነበርና ከልብሱ መሃል ሮዝ የትምህርት ቤት ቦርሳ ብቅ ብሏል። አዲስ ነው፤ የሱቁ ወረቀት እንኳ አልተነሳለትም። ምንም እንዳላየ ሰው ሻንጣውን ግድግዳ አስደግፋ ወጣች፣ ሻይ ቀዳች፣ ዳቦ ቆረሰች፣ መንገዱ እንዴት እንደነበር ጠየቀች።

በእኛ አገር ከሩቅ የመጣ ሰው ስጦታውን ገና በወጉ ሳይቀመጥ ነው የሚያወጣው። ቾልፖንም አወጣች፤ ለአማቷ የአንገት ልብስ፣ ለቤጊማይ ከረሜላና የፀጉር ሪባን። ቦርሳውን ግን አላወጣችውም። ተገዝቶ መጥቶ ከሻንጣ ያልወጣ ነገር፣ የሚጠብቀው ቃል አለ ማለት ነው። ኡልካን ይህን እንዲያስረዳት ማንም አላስፈለጋትም።

ቤጊማይ ሰባት ዓመቷ ነው። የወለደቻት ቾልፖን፣ ያሳደገቻት ኡልካን። የበኩር ልጅ የባል ወላጆች ድርሻ ነው፤ በመንደሩ ይህ ማንንም አይገርምም። ሕፃኗ አርባ ቀን ሲሞላት አያቷ ቶክቶሱን፣ የኡልካን ባል፣ በካፖርቱ ጠቅልሎ አቀፋትና "ይህቺ የእኛ ናት" አለ። ልጁ ኡላርቤክ፣ የቾልፖን ባል፣ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ፤ ቾልፖን አንገቷን ደፋች። በዚሁ አለቀ። ልጅቷም ኡልካንን እማዬ፣ ቾልፖንን ደግሞ እንደ ወንድም ሚስት እትዬ እያለች አደገች። ባልና ሚስቱ ቢሽኬክ ገቡ፤ እሱ ሚኒባስ ይነዳል፣ እሷ ልብስ ስፌት ቤት ትሠራለች። ቶክቶሱን ከሞተ ወዲህ በዚያ ቤት ውስጥ የሚተነፍሱት ኡልካንና ልጅቷ ብቻ ናቸው። ልጅቷ ከሄደች ኡልካን ከላሟና ከጥጃው ጋር ትቀራለች፤ የፈራችው ይህንን ነው።

አንዴ የተሰጠ ልጅ ተመልሶ አይጠየቅም፤ ለምራት ደግሞ ከነውርም ነውር ነው። ስለዚህ ቾልፖን አልጠየቀችም። ማልዳ ተነስታ ላሟን ታልባለች፣ አመድ ታወጣለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ አማቷ ስትገባ ብድግ ትላለች። ድምፅዋ አይሰማም። ኡልካንን እረፍት የነሳት ይኸው መልካምነቷ ነበር። ክፉ ምራት ብትሆን ኖሮ ተጣልቶ መገላገል ነው፤ ደግ ምራት ግን ምን ትባላለች?

የጨዋታው ነገር የመጣው በጥጃው ሰበብ ነው። ቤጊማይ ደጅ ላይ አፈሩን በእንጨት ጭራ ዘጠኝ ቤት ሠርታ ነበር። አንደኛው ተጫዋች መስቀለኛ ይጭራል፣ ሌላው ቀለበት፤ ሦስት ቀድሞ ያሰለፈ ያሸንፋል። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ዘንድሮ ከዚህ ሌላ ሥራ የለውም። ጥጃው መጥቶ ረገጠባት።

"እማዬ፣ ይሄ ጥጃ ይታረድልኝ" ብላ እየተነጫነጨች ገባች።

"ምን አደረገሽ?"

"ላሸንፍ ስል ቤቴን አፈረሰው።"

"ከማን ጋር ነበር የምትጫወቺው?"

"ከራሴ ጋር።"

"ታዲያ የምትሸነፊውም አንቺው ነሽ። ጥጃው ምን በወጣው፣ እንዲያውም ገላገለሽ።"

ልጅቷ አልሳቀችም። "ከልብድ ሥሪልኝ። ጥጃ የማያፈርሰው።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ኡልካን "መጀመሪያ ድርቆሹ ይግባ" ብላ ታባርራት ነበር። የዚያን ዕለት ግን እሺ ለማለት አልዘገየችም። ቾልፖን በረት ውስጥ ናት፤ ልጅቷም በየሰበቡ ወደ በረቱ መሄድ አብዝታለች። ከጉልበቷ አጠገብ የሚያስቀምጣት ሥራ ከተገኘ ድርቆሹ ይቆይ። እውነቱን ለመናገር፣ ኡልካን ልጅቷን በመጫወቻ ልታስራት ፈልጋ ነው።

የበጉን ፀጉር በፈላ ውሃ አርጥባ፣ በሸምበቆ ምንጣፍ ጠቅልላ፣ እየረገጠች ያጠበቀችው የአምናው ልብድ ተርፏት ነበር። ለዘጠኙ ቤት ያልተነከረውን ቡናማና ግራጫውን፣ ለመጫወቻዎቹ ቀይና ነጩን አወጣች። ቢላዋዋን ሳለች። በመንደሩ ልብድ የሚሰፋ ሞልቷል፤ ለመቁረጥ ግን ሁሉም ወደ ኡልካን ነው የሚመጣው፣ እሷም ይህንን በደንብ ታውቃለች፣ አትደብቀውምም።

እኛ ዘንድ ልብድ የሚቆረጠው ሁለት ቀለም ተደራርቦ ነው። ቢላዋው አንዴ ሲወርድ ሁለቱንም ይበጥሳል፤ ከአንዱ የወጣው በሌላው ቀዳዳ ልክክ ይላል። ስለዚህ ተቆርጦ የሚወጣ ነገር ሁሉ አቻ አለው። ለዚህች መጫወቻ ግን ይህ አላስፈለገም ነበር፤ ቀዩን ለብቻው በመስቀለኛ፣ ነጩን ለብቻው በቀለበት መቁረጥ ይበቃ ነበር። ኡልካን ይህን ታውቃለች። ግን ጆሮዋ በረቱ ጋ ነው፤ ቾልፖን ላሟን እያለበች የምታንጎራጉረውን ልጅቷም ሰምታ አብራ ማንጎራጎር ጀምራለች። ያንን ዜማ ልጅቷ መቼ ለመደችው? እጇ እንደ ወትሮው አደራረበና ቆረጠ።

ስታበቃ ቤጊማይ ምንጣፉ ላይ ደረደረችው። ቀይ መስቀለኛና ነጭ መስቀለኛ፣ ነጭ ቀለበትና ቀይ ቀለበት፣ ማዕዘኑ ቡናማ የሆነ ሰሌዳና ማዕዘኑ ግራጫ የሆነ ሰሌዳ።

"እማዬ፣ ሁለት ጨዋታ ሆነ እኮ።"

ኡልካን ክው አለች። ከአንድ ቢላዋ የወጡ ሁለት ነገሮች፣ በአንድ ላይ ካልተሰፉ በቀር፣ በአንድ ጣራ ሥር አይከርሙም፤ አቻው ወደ ዘመድ ቤት ይሄዳል። እህትማማቾች ሲዳሩ የሚካፈሉት እንዲህ ነው። እሷና ታላቅ እህቷም እንዲሁ ተካፍለዋል። የሰባት ዓመት ልጅም ብትሆን ቤጊማይ የልብድ ቤት ልጅ ናት።

"አቻውን ለማን እንስጠው?"

"ለማንም።"

"ለእትዬ ቾልፖን እንስጣት። እሷ ቤት መጫወቻ የለም ይሆናል።"

"ለማንም አልኩሽ!"

ግራጫውን ሰሌዳ ከነመጫወቻዎቹ ጠቅልላ፣ ሳጥኑን ከፍታ፣ ከብርድ ልብሶቹ ሥር ወሸቀችው። ልጅቷ ሳጥኑን አየች፣ የእማዬንም ፊት አየች።

ከቀትር በኋላ ጎረቤቷ ሳይራ የተዋሰችውን ወንፊት ልትመልስ መጣች። ወንፊት መመለስ ሰበብ ነው፤ ወሬ ሸቷት ነው የመጣችው። ምንጣፉ ላይ ያለውን አይታ ጎኗን ይዛ ቆመች።

"ምን ነካሽ ኡልካን፣ በስተርጅና እንደ ሩሲያዎቹ ክርስቲያን ሆንሽ እንዴ? መስቀል መቁረጥ ጀመርሽ?"

"የልጅ መጫወቻ ነው፤ አርፈሽ ተቀመጪ።"

ሳይራ ተቀመጠች፤ አርፋ ግን አልተቀመጠችም። ወደ በረቱ በአገጯ እየጠቆመች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ልትወስዳት ነው አይደል የመጣችው?"

"አልጠየቀችም።"

"በየት አፏ ትጠይቃለች? የሰጠ ሰጠ ነው። አንቺ ዝም በይ፣ እሷም ዝም ትላለች፤ ዝም እንደተባባላችሁ ትምህርት ይከፈታል፣ ሥራዋን ፈርታ ትሄዳለች። ጉዳዩ አለቀ።"

ሳይራ ለሰው ቤት ምክር አታጣም፤ የራሷ ሁለት ምራቶች ግን ካኮረፏት ቆይተዋል። ቢሆንም ኡልካን ቃሏን ወደደችው። የምንፈልገውን የሚነግረን ሰው ሁልጊዜ ብልህ ይመስለናል። ዝም እላለሁ፣ አለች በሆዷ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሦስቱም ሻይ ዙሪያ ተቀመጡ። ኡልካን ቡናማውን ሰሌዳ ጠርዙን ልትሰፋ ነው። ለጠርዝ የሚሆነው ክር ሁለት ነው፤ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ የተፈተለ፣ ጎን ለጎን የሚተኛ። ወደ ቀኝ መፍተሉን ኡልካን እያንቀላፋችም ትችለዋለች፤ ወደ ግራው ግን ዕድሜ ልኳን አስቸግሯታል። ቾልፖን ግራኝ ናት። ሙሽራ ሆና በመጣች በሰሞኑ እንዝርቱን በግራዋ አሹራ ስትፈትል አይታ ነው ኡልካን መጀመሪያ የወደደቻት። አሁንም ማንም ሳያዛት እንዝርቱን አንስታ አጠገቧ ቁጭ አለች። ሁለቱ ሴቶች ትከሻ ለትከሻ ሆነው ሠሩ። ልጅቷ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ታያለች።

ቾልፖን የፈተለችውን ክር ልትለካ ሰሌዳውን ወደ ራሷ ሳበች። ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ቢላዋ ሁለት ልብድ ሲወጋ ታችኛው ላይ ትንሽ ዘንበል ይላል፤ ልብድ የሠራ ጣት አይስተውም። ጣቷ እዚያው ቆመ።

"አቻው የት አለ፣ እማማ?"

በለሆሳስ ነው የጠየቀችው፣ ቀና ብላም አላየችም። ኡልካን እጇ ላይ ያለው መርፌ ቆመ። ምራት ልጄን መልሱልኝ ማለት አትችልም፤ የልብድ አቻ ከመጠየቅ ግን የሚከለክላት የለም። ኡልካን ነገሩ ገብቷታል። እንደገባትም ቾልፖን ታውቃለች።

"አቻ የለውም" አለች ኡልካን። "ለብቻው ነው የቆረጥኩት።"

ዓይን ያወጣ ውሸት ነበር። ያውም ሌላ ልብድ ሠሪ ፊት።

"እሺ፣ እማማ" አለች ቾልፖን፣ እንዝርቱንም አነሳች።

"አለው እንጂ" አለች ቤጊማይ። "ሳጥኑ ውስጥ ነው። እማዬ ረስታው ነው።"

ከማለቷ ብድግ አለች። ኡልካን "ተቀመጪ" ለማለት አልደረሰችም። ሳጥኑ ተከፈተ፣ ብርድ ልብሱ ተጎተተ። ልጅቷ ጥቅሉን ይዛ መጣችና ቾልፖን ጭን ላይ አስቀመጠችው።

"ይኸው፣ እትዬ።"

ቾልፖን ሁለት እጇን አየር ላይ አንስታ ቀረች፤ ጥቅሉ ጭኗ ላይ ነው፣ እሷ ግን አልነካችውም። ኡልካን እነዚያን እጆች ታያለች። ከያዘችው ጠየቀች ማለት ነው። ከያዘችው እምቢ ማለት ሊኖርብኝ ነው፣ በልጅቷ ፊት፣ አሁን። ያዥውና ይለይልን የሚል ቁጣና፣ እባክሽ አትያዥው የሚል ልመና በአንድ ጊዜ መጡባት።

ቾልፖን እጆቿን አወረደች። ጥቅሉን በሁለት እጇ አንስታ፣ ጎንበስ ብላ፣ ኡልካን ጉልበት ላይ መለሰችው።

"ቦታው ይመለስ፣ እማማ። ልጅ ናት፣ አላወቀችም።"

ውሸቴን ሸፈነችልኝ፣ አለች ኡልካን በልቧ፣ ፊቷም በእፍረት ጋለ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤጊማይ የትልልቆቹ ነገር ሰለቻት። ጠርዙ ያላለቀውን ቡናማ ሰሌዳ ከመሃላቸው ጎትታ መስቀለኞቹን ለራሷ ወሰደች፣ ቀለበቶቹን ወደ ቾልፖን ገፋች። "ነይ እትዬ፣ ላሸንፍሽ።"

ልጅቷ አራተኛዋን ሳታስቀምጥ ቾልፖን ሦስቱን ቀለበት አሰለፈች። ልጅቷ አፏን ከፍታ ቀረች። ከኡልካን ጋር ስትጫወት ተሸንፋ አታውቅም፤ ኡልካን ሆን ብላ ዓይኗን ጨፍና ነበር የምትጫወተው።

"አጭበረበርሽ።"

"አላጭበረበርኩም። አንቺ የራስሽን ብቻ ነው የምታዪው። የኔንም እዪ።"

"እንደገና።"

እንደገና ተሸነፈች። እንባዋ ዓይኗ ጥግ ላይ ደረሰ። ኡልካን ልትነሳ ምንም አልቀራትም፤ ምን አለ ብትለቅላት፣ ድንጋይ ናት እንዴ? ቾልፖን ግን አልለቀቀችላትም። ልጅቷ አፍንጫዋን ጠራርጋ ተጠግታ ተቀመጠች። ቀጥሎ የቾልፖንን መንገድ ዘጋችባት። ቾልፖንም ዘጋችባት። ቤቱ ሞላ፣ ማንም አላሸነፈም።

"አቃተሽ" አለች ቤጊማይ፣ ፊቷ እንደ ፋኖስ በርቶ። "አቃተሽ አይደል?"

"አቃተኝ" አለች ቾልፖን፣ ሳቋም አመለጣት። ልጅቷም ሳቀች። ሁለቱም ሲስቁ የላይኛው ከንፈራቸው በግራ በኩል ቀድሞ ይነሳል። ኡልካን ይህን በሰባት ዓመት ውስጥ አላየችውም፤ ወይም ላለማየት ጠንክራ ሠርታለች።

"ቤጊማይ፣ መኝታ" አለች።

"አንድ ጊዜ ብቻ" አለች ልጅቷ፣ ዞር ብላ እንኳ ሳታያት። እስከ ዛሬ ከኡልካን ቃል ወጥታ አታውቅም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ቾልፖን ሻንጣዋን ቆልፋ ብቅ አለች። ከናሪን ከተማ ወደ ቢሽኬክ የሚሄደው ሚኒባስ ሲያልፍ ልትሳፈር ነው። የአማቷን ትከሻ ሳመች፣ ጎንበስ ብላ ተሰናበተች። "ለኡላርቤክ የምነግርልዎት ነገር አለ፣ እማማ?"

አልጠየቀችም። ሳይራ ልክ ነበረች። ኡልካን አሸንፋለች፤ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፣ ግን አላላትም። ዝም ማለት እየቻለች አፏ አላስችል አላት።

"ያንን ቦርሳ ለማን ገዛሽው?"

ቾልፖን ደነገጠች። ፊቷ በአንዴ ቀላ።

"አዩት?"

"አየሁት። ልታስገቢኝ የፈለግሽው ጉድ ምን እንደሆነ ገብቶኛል። ለምን አፍ አውጥተሽ አልጠየቅሽኝም?"

"ልጠይቅዎት አይደለም የገዛሁት።" የሻንጣውን እጀታ በሁለት እጇ ጨበጠች። "በየዓመቱ አንድ ነገር እገዛለሁ፣ እማማ። እዚያ ቤት መደርደሪያ ላይ አለ ሁሉም። መራመድ ስትጀምር የምትጫማት ጫማ፣ ከዚያ ቀሚስ፣ ከዚያ የክረምት ኮፍያ። ይዤ እመጣለሁ፣ ልሰጣት እልና እፈራለሁ። እናት ነኝ ማለቴ ይመስልብኛል። መልሼ ይዤው እሄዳለሁ።"

"አንድም ቀን አላየሁም።"

"ዚፑን እዘጋው ነበራ። ዘንድሮ ቦርሳው ትልቅ ሆኖ እምቢ አለኝ።"

ሌላ ምንም አላለችም። አላለቀሰችም፣ አልለመነችም። ሻንጣዋን አንስታ ወጣች፣ የጥጃውን ግንባር ደባብሳ አለፈች፣ አውራ መንገዱ ዳር ሄዳ ቆመች።

ኡልካን ደጃፉ ላይ ቀረች። ልብሶቹ ታዩዋት፤ ሕፃን ያልለበሳቸው፣ ልጅቷ ስታድግ እያጠሯት የሄዱ፣ በተርታ የተጣጠፉ። ልጅቷ እዚህ ጫማ ስትጨርስ እዚያ ደግሞ አዲስ ጫማ ሳይነካ ሲያረጅ ኖሯል። አርባ ቀን የሞላትን ሕፃን በካፖርት ጠቅልለው ሲወስዱባት ያቺ ሙሽራ አንገቷን ደፋች እንጂ ማንም ፊቷን አላየም። እኔም አላየሁም፣ አለች ኡልካን፤ ማየት አልፈለግሁም፣ ደስታዬ እንዳይበላሽብኝ። የበሩን መቃን ይዛ ቆመች።

ከኮረብታው ጥግ የሚኒባሱ አቧራ ታየ።

"ቤጊማይ!"

ልጅቷ በአንድ እግሯ ጫማ ተጫምታ ከውስጥ መጣች።

"ሂጂ፣ እናትሽን ጥሪያት። ሾፌሩ ልብስሽን እስካሰናዳ ይጠብቅ በያት። ቢሽኬክ ትሄጃለሽ፤ ትምህርት እዚያ ትገቢያለሽ። ትምህርት ሲዘጋ እኔ ጋ ትመጫለሽ።"

ልጅቷ ቅንድቧን ሰበሰበች። "አንቺ እዚህ ነሽ እኮ።"

"መንገድ ላይ የቆመችውን ነው የምልሽ።"

"እትዬ ቾልፖንን?"

"እናትሽን። የወለደችሽ እሷ ናት።" ኡልካን ድምፅዋ እንዳይሰበር ጥርሷን ነከሰች። "አልነገርኩሽም ነበር። ቶሎ በይ፣ መኪናው ይዟት ሊሄድ ነው።"

ልጅቷ አልተንቀሳቀሰችም። የኡልካንን ፊት ዳር እስከ ዳር ፈተሸችው፣ ማታ ሰሌዳውን እንደመረመረችው። ከዚያ ዞራ ሮጠች፤ አንዱ እግሯ ባዶውን ነው፣ ኡልካን ጫማሽን ማለት ረሳች።

ሚኒባሱ ደርሶ ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ ሻንጣውን ተቀበለ።

"እትዬ!" ብላ ጮኸች ልጅቷ ከግማሽ መንገድ። ሞተሩ ይንጫጫል፣ ቾልፖን አልሰማችም፤ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋለች። ልጅቷ ቆመች። ከኋላዋ ወደ ቤቱ አንዴ ዞር አለች። ከዚያ ባላት ኃይል ሁሉ ተጣራች።

"እማዬ!"

ቾልፖን ዞረች።

ደጃፉ ላይ የቆመችው ኡልካን "ወዬ" ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ዘጋችው።